የኤሊዋ ቤት፦ ቤትን ፎቶግራፍ ማንሣት እንዴት ነው?

በካኩማ የስደተኞች ካምፕ የሚኖር ተማሪ የሰፈሩ ቤት ምን እንደሚመስል ሳያይ መናገር ይችላል። ግድግዳው የጭቃ ጡብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ወይም የፕላስቲክ ሸራ ነው፤ በሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተዘረጋ የዘይት ጣሳ የተሠራ ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ እንዲህ ያሉ ቤቶች ረድፍ በረድፍ እየተሠሩ፣ እየፈረሱ፣ እንደገናም እየተሠሩ እዚህ ደርሰዋል።

ከትምህርት ቤታችን ኋላ፣ በደረቁ ወንዝ በኩል ግን ከእነዚህ አንዱንም የማትመስል አንዲት ትንሽ ቤት ነበረች። ማዕዘን የላትም። ግድግዳዋ የት እንዳለቀ፣ ጣሪያዋ የት እንደጀመረ አይለይም። ከሩቅ ሲያዩአት የተደፋ ገበቴ ትመስላለች። የአካባቢው ልጆች «ኤሊዋ» ይሏት ነበር።

ባለፈው የትምህርት ዘመን የፎቶግራፍ ክበባችን «በሰፈራችን ያለ ያልተለመደ ነገር» በሚል ርእስ ለግድግዳ ጋዜጣ ፎቶግራፍ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀ። አሥራ አንዱም አባላት የመረጡት ኤሊዋን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ቤት እንዴት ፎቶግራፍ እንደሚነሣ፣ እኛም በመጀመሪያ ምን እንዳጠፋንና በኋላ ምን እንደተማርን እንገልጻለን።

የመጀመሪያው ስሕተታችን

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱም ከቀኑ 6 ሰዓት ነበር። ክበቡ ያለው አንድ ስልክ ነው፤ እሱም መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነው። ከልጆቹ አንዱ ከቤቷ ፊት ለፊት ሦስት እርምጃ ያህል ቀርቦ ቆመና አነሣ። ወዲያው አንዲት አሮጊት ከውስጥ ወጡ። አንድም ቃል ሳይናገሩ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ጋረዱና ተመልሰው ገቡ። ሁላችንም ደንግጠን ቆምን። ከልጆቹ ጋር የነበርኩት መምህር እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። አስቀድሜ መጠየቅ ሲገባኝ እኔም ከልጆቹ እኩል ተጣድፌ ነበር።

ፎቶግራፉን ስናየው ደግሞ የማይረባ ሆኖ አገኘነው። ሰማዩ ነጭ ሆኗል፤ በሩ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ቤቷም እንደ ሊጥ አብጣ መሐሏ ወደኛ ወጥቷል። ቁመቷ የልጅ ይሁን የዝሆን የሚያስታውቅ ነገር የለም። እዚያው ቆመን አጠፋነው።

በማግስቱ ስልኩን ትቼ፣ ከጅጅጋ የመጣችና ሶማልኛ የምትናገር አንዲት የክበባችንን አባል ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ከበሩ ራቅ ብላ ቆማ «አዬዮ!» ብላ ተጣራች። አዬዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስማቸውን ሳንጠቅስ እንዲሁ እንጠራቸዋለን። ስለ ትናንቱ ይቅርታ ጠየቅን። አዬዮ ጥቂት ዝም ብለው ካዩን በኋላ ሻይ አፈሉልን፤ ከዚያም የተቆጡበትን ምክንያት ነገሩን።

«ሲያነሡ ይቆጥራሉ፤ ሲቆጥሩ ይቀንሳሉ» አሉ። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ራሽን የመጣ ይመስላቸዋል። ደግሞም «ይህችን ቤት ብዙ እንግዳ አንሥቷታል። ፎቶግራፉን ይዞ ተመልሶ የመጣ ግን አንድም የለም። የቤቴን ሥዕል እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት» አሉን።

በመጨረሻ በሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ አብራቸው የምትኖረው የልጅ ልጃቸው ፊት አይነሣም። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለእርሳቸው ይታያል። ሦስተኛ፣ አንድ ታትሞ ይሰጣቸዋል። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ በካምፑ ውስጥ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠየቀልን።

ስለሆነም ተማሪዎች የመጀመሪያውን ሕግ ከዚህ ውሰዱ። የሰው ቤት ፎቶግራፍ የሚጀምረው ባለቤቱን በመጠየቅ ነው። ባለቤቱ «አይሆንም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ኤሊዋ ምን ዓይነት ቤት ነች?

አንድን ነገር ደህና አድርጎ ለማንሣት ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። እኛም ሁለት ከሰዓት በኋላ ያለ ካሜራ ተቀምጠን ጠየቅን፤ አየን፤ ለካን።

ኤሊዋ የሶማሌ አርብቶ አደሮች «አቃል» የሚሉት የቤት ዓይነት ነች። አቃል ከቦታ ቦታ የሚጓዝ ቤት ነው።  የጎበጡ ረጃጅም እንጨቶች ጫፋቸው መሬት ይተከልና ወደ መሐል ታጥፈው ከሌሎች ጋር በገመድ ወይም በልጥ ይታሰራሉ። በዚህ አጽም ላይ ሴቶች የጠለፉት ወፍራም ሰሌን ይደረባል፤ ከዚያም በገመድ ይጠፈራል። መሄድ ሲያስፈልግ ሰሌኑ ይጠቀለላል፣ እንጨቱ ይነቀላል፣ ሁሉም በግመል ይጫናል። የሚሠሩትም፣ የሚያፈርሱትም፣ የሚጭኑትም ሴቶች ናቸው። ሴት ልጅ ስታገባ እናቷና የእናቷ ዘመዶች ሰሌኑን አስቀድመው ያዘጋጁላታል።

እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ለምሥራቅ አፍሪካ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የአፋር ሴቶች የሚሠሩት ዳቦይታም በጎበጠ እንጨትና በሰሌን የሚቆም ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። እዚሁ ጎረቤቶቻችን የሆኑት የቱርካና ሴቶችም ከቅርንጫፍ ክብ ቤት ይሠራሉ።

ቤቷ ክብ የሆነችበት ምክንያትም አለ። ማዕዘን ስለሌላት ነፋስ የሚመታው ሰፊ ግድግዳ አያገኝም፤ ዙሪያዋን ተንሸራቶ ያልፋል። ካኩማ ላይ ነፋስና አቧራ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሁለተኛው ምክንያት የሒሳብ ነው። በክበቡ ገመድ ስንለካት የኤሊዋ ወለል ስፋት ከዳር እስከ ዳር 3 ሜትር ከ20 ሆነ። እንግዲህ ዙሪያዋ 10 ሜትር ያህል፣ የወለሏ ስፋት ደግሞ 8 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በዚያው በ10 ሜትር ዙሪያ አራት ማዕዘን ቤት ብንሠራ እያንዳንዱ ጎን 2 ሜትር ተኩል ይሆንና ወለሉ 6 ካሬ ሜትር ከሩብ ብቻ ይወጣዋል። ሰሌን ጠልፎ ለሚያለብስ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የአዬዮ ቤት ግን ሙሉ በሙሉ እንደ ጥንቱ አልነበረችም። ካምፕ ውስጥ ግመል የለም፤ ለሰሌን የሚሆን ልጥም እንደ ልብ አይገኝም። እንጨቶቹን አንድ በአንድ ከቱርካና ሴቶች በራሽን ዱቄት ለውጠው ነው ያጠራቀሟቸው። ከእናታቸው የቀረ አንድ አሮጌ ሰሌን ነበራቸውና በምሥራቅ በኩል አልብሰውታል። የቀረው ጎን ሸራ፣ የራሽን ጆንያ፣ ካርቶንና አሮጌ ልብስ ተጣጥፎ የተሰፋበት ነበር። በሩም ወደ ምዕራብ ይዞር ነበር። በዚህ አካባቢ ብርቱ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ በሩ ጀርባውን ሰጥቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍ

የቤት ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ተራ ነገር የሚቆጥር ሰው ቢኖር አንድ ነገር ልንገረው። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ከቆዩት በካሜራ የተነሡ ፎቶግራፎች ሁሉ አንጋፋው የቤቶች ሥዕል ነው። ያነሣው ኒሴፎር ኒየፕስ የተባለ ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1826 ወይም 1827 ነው። ኒየፕስ በብረት ዝርግ ላይ ሬንጅ ቀብቶ በካሜራ ሣጥን ውስጥ አስገባና በመኖሪያ ቤቱ ፎቅ መስኮት በኩል አስቀመጠው። በዝርጉ ላይ የቀረው ከመስኮቱ የሚታየው የግቢው ጣሪያና ግድግዳ ነው። ዝርጉ ዛሬ በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል።

ኒየፕስ ያን ፎቶግራፍ ለማግኘት ብዙ ሰዓታት መጠበቅ ነበረበት። ከዚህ የተነሣ በሥዕሉ ላይ ፀሐይ ግራውንም ቀኙንም ግድግዳ አብርታ ትታያለች። እርሱ ሲጠብቅ ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተጉዛለችና ነው። የዛሬ ስልክ በዓይን ቅጽበት ያነሣል። ስለዚህ ፀሐይ በየት በኩል ስትሆን እንደሚነሣ መምረጥ የእኛ ፋንታ ነው።

ብርሃን

ካኩማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 4 ዲግሪ እንኳ አይርቅም። በእንዲህ ያለ ቦታ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ብዙ አትርቅም፤ በዓመት ሁለት ጊዜም ልክ አናት ላይ ትቆማለች። በዚህ ሰዓት የተነሣ ቤት አናቱ ይነጣል፣ ጎኑ ይጠቁራል፣ የሰሌኑ ጥልፍም ጨርሶ አይታይም። የመጀመሪያው ፎቶግራፋችን የተበላሸው በአንድ በኩል ከዚህ የተነሣ ነው።

ጥሩው ብርሃን ፀሐይ ዝቅ ስትል የሚገኘው ነው፤ ይኸውም ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው። (ሰዓቱን በስዋሂሊ ለጎረቤት ስትነግሩ አትቸገሩም፤ እነርሱም የሚቆጥሩት እንደኛው ነው።) ፀሐይ ከጎን ስትመጣ እያንዳንዱ የሰሌን ጉብታ የራሱን ትንሽ ጥላ ይጥላል። ጥልፉን በዓይን የምናውቀው በዚያ ጥላ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጆንያ ወስዳችሁ ፀሐይን ከፊት፣ ቀጥሎም ከጎን አስመትታችሁ ተመልከቱት።

የኤሊዋ ሰሌን በምሥራቅ፣ በሯ በምዕራብ ስለነበረ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ማንሣት አይቻልም ነበር። ስለሆነም ሰሌኑን ጠዋት፣ በሩን ማታ አነሣን። እናንተም ከማንሣታችሁ በፊት የቤቱ እያንዳንዱ ጎን በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ በደብተር ጻፉ።

ከየት ሆኖ ይነሣል?

የስልክ ካሜራ ሰፊ ዕይታ አለው። በጣም ቀርበን ስናነሣ ወደኛ የቀረበው ክፍል ከመጠን በላይ ይተልቃል፣ የራቀው ያንሳል። ኤሊዋ ያበጠችው ለዚህ ነው። ከ5 እስከ 6 ሜትር ስንርቅ ቅርጿ ተስተካከለ። ዙሪያው የቀረው ባዶ ቦታ ቢበዛ በኋላ ሊቆረጥ ይችላል፤ ያበጠን ቤት ግን ማስተካከል ከባድ ነው።

ቁመቱም አስፈላጊ ነው። ኤሊዋ ከመሬት እስከ አናቷ 1 ሜትር ከ85 ብቻ ናት። አንድ ረዥም ልጅ ቆሞ ስልኩን ወደ ታች አዘንብሎ ሲያነሣት ወደ መሬት የሰመጠች ትመስላለች። ተንበርክኮ ስልኩን በቤቷ ወገብ ልክ ይዞ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ሲያነሣት ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ፎቅ ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከታች ሆነን ስልኩን ወደ ላይ ካቃናን ግድግዳዎቹ ወደ ኋላ የወደቁ ይመስላሉ።

የቤቱን መጠን ለማሳወቅ በሥዕሉ ውስጥ ልኩ የታወቀ ነገር መኖር አለበት። እኛ ከመማሪያ ክፍላችን የአንድ ሜትር ማስመሪያ ወስደን በበሩ አጠገብ አቆምነው። የበሩ ቁመት 1 ሜትር ከ10 መሆኑን ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ መናገር ይችላል።

ደግሞም አንድ ቤት በአንድ ፎቶግራፍ አያልቅም። እኛ ዘጠኝ አነሣን፦ አራቱን ጎኖች፤ በሩን ከማስመሪያው ጋር፤ የሰሌኑን ጥልፍ በቅርብ፤ ገመዱ ከእንጨቱ ጋር የታሰረበትን የታችኛውን ክፍል፤ የቤቱን ውስጥ፤ በመጨረሻም ከሩቅ ሆነን ቤቷን ከቆርቆሮ ቤቶቹ መካከል። ይህ የመጨረሻው እንዳይረሳ። ያልተለመደ ነገር ያልተለመደ መሆኑ የሚታወቀው ከተለመደው ጎን ሲታይ ነው።

የውስጡ ጨለማ

አዬዮ እንድንገባ የፈቀዱልን በሦስተኛው ቀን ነው። ከልጆቹ አንዱ እንደ አገራችን ልማድ «ቤት ለእምቦሳ!» አለ። የጅጅጋዋ ልጅ ነገሩን ስትተረጉም ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ እንደሚመልስ፣ ይህም የሚታሰር ጥጃ ይኑራችሁ የሚል ምርቃት እንደሆነ አብራ ነገረቻቸው። አዬዮ ሳቁና «ጥጃ እንኳ የለኝም፤ ግን ያስሩ ይሁን» አሉ።

ከደማቅ ፀሐይ ወደ ውስጥ ስንገባ ምንም አልታየንም። ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይናችን ለመደና አጽሙ በሙሉ ተገለጠ። ካሜራ እንዲህ ሊለምድ አይችልም። ደማቅና ጨለማ ባንድነት ሲገጥሙት አንዱን ይመርጣል። ከደጅ ሆነን ካነሣን ደማቁን ይመርጥና በሩ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ግቡ፤ በሩን ከኋላችሁ አድርጉ፤ የስልኩን መስተዋት ጨለማው ቦታ ላይ በጣታችሁ ንኩት። ስልኩ ብርሃኑን በዚያ ይለካል። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ፤ ትንፋሻችሁንም ያዙ። ፍላሽ አትጠቀሙ። ፍላሽ ከፊት ስለሚመታ ጥላውን ያጠፋዋል፤ ጥላው ከጠፋ ደግሞ የእንጨቶቹ ጉብጠት አይታይም።

የሰው መኝታና ዕቃ ያለበትን የቤት ውስጥ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁ። ደጁን የፈቀደ ሁሉ ጓዳውን ፈቅዷል ማለት አይደለም። አዬዮ ከማንሣታችን በፊት አልጋቸውን አነጠፉ፤ ጀሪካኖቹንም ወደ አንድ ጥግ ሰበሰቡ። እኛም እስኪጨርሱ ጠበቅን።

ከፎቶግራፉ ጀርባ የሚጻፈው

ጽሑፍ የሌለው ፎቶግራፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው አይገኝም። በእያንዳንዱ ጀርባ ይህን እንድትጽፉ እንመክራለን፦ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ፣ በየት አገር፣ በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ወደ የት አቅጣጫ እየተመለከታችሁ እንዳነሣችሁት፣ ከምን እንደተሠራና ማን እንዳነሣው።

የማይጻፍም አለ። ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ስሙን አትጻፉ። የዞኑንና የብሎኩን ቁጥርም አትጻፉ። እዚህ ከመጡት መካከል የት እንዳሉ እንዲታወቅ የማይፈልጉ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ ደግሞ ሳንነግረው ይጽፋል። ብዙ ስልኮች ፎቶግራፍ ሲያነሡ ቦታውን ከፎቶግራፉ ጋር ይመዘግባሉ። ይህን መዝጋት የሚቻለው ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የቦታ ምዝገባን በማጥፋት ነው። የእኛ ስልክ ላይ ተከፍቶ ነበርና ዘግተነው ሥራ ጀመርን።

ከፎቶግራፉ ጋር በካሬ ደብተር ላይ የወለሉን ንድፍ አንሡ። ፎቶግራፍ መልኩን፣ ንድፍ ደግሞ ልኩን ይይዛል።

የትኛው ይሰቀል?

ከዘጠኙ መካከል ልጆቹ የወደዱት ማታ የተነሣውን የምዕራቡን ጎን ነበር። ሸራው፣ ጆንያው፣ ቀዩና ቢጫው ልብስ በማታው ፀሐይ ደምቆ፣ በጆንያው ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጦ ይታያል። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የተዋጣለት ፎቶግራፍ እሱ ነበር።

በቃላችን መሠረት አሳትመን ለአዬዮ ወሰድን። አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። ያን ሲያዩ ግን ገልብጠው ሰሌኑ ላይ አስቀመጡት። «ይኼ የጎደለኝን ነው የሚያሳየው» አሉ። ጠዋት የተነሣውን፣ የእናታቸው ሰሌን የሚታይበትን አንሥተው «እንግዳ ሲመጣ የማስቀምጠው በዚህ በኩል ነው። ቤቴ ይህ ነው» አሉ።

በመንገድ ላይ ልጆቹ አጉረመረሙ። «መምህር፣ ግን እኮ ጥሩው እሱ ነበር» አለ ያነሣው ልጅ። አንዷ ደግሞ «ጆንያው ውሸት ነው እንዴ? የምንኖረው እንደዚያ አይደለም ወይ?» አለች። ጥያቄዋ የሚናቅ አልነበረም። ችግርን መደበቅም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጆንያውን የሰፉት አዬዮ ናቸው፤ ቤቷም የእርሳቸው ናት፤ ቃል የገባነውም ለእርሳቸው ነው። የራሳችሁን ቤት ስታነሡ ጆንያውን ለማሳየት መብቱ የእናንተ ነው አልኳት። እሷም በሳምንቱ የራሷን ቤት አንሥታ አመጣች፤ ተሰቀለላትም።

ግድግዳው ላይ የወጣው አዬዮ የመረጡት ነው። ሌላው በአንድ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል። ለመማሪያ እንዲቆይና ታሪኩም እንዲጻፍ ፈቅደዋል፤ እንዲታይ ግን አልፈቀዱም። ይህ ጽሑፍ ያለዚያ ፎቶግራፍ የወጣው ለዚህ ነው።

የጎደለን አንድ ፎቶግራፍ

ኤሊዋ ዛሬ የለችም። ዝናቡ ሲመጣ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ ውሃ ገባባት። አዬዮም ሌላ ዞን ካሉ ዘመዶቻቸው ዘንድ ወደ ቆርቆሮ ቤት ሄዱ። ሰሌኑን ጠቅልለው ወሰዱት፤ እንጨቶቹን ለጎረቤት ሰጡ። በቦታው የቀረው ክብ ምልክት ብቻ ነበር፤ እሱንም አቧራው አለበሰው።

ከዚያ በኋላ ሁለት የክበቡ አባላት በፎቶግራፎቹና በንድፉ ተመርተው ኤሊዋን በትንሹ ለመሥራት ተነሡ። እያንዳንዱን ልክ ለአሥር አካፍለው የ32 ሳንቲ ሜትር ወለል አወጡ፤ እንጨቶቹን በሽቦ ተኩ። ሥራው ደህና ሄዶ አናቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። እንጨቶቹ አናት ላይ ሲገናኙ እንዴት ነው የታሰሩት? ዘጠኙንም ፎቶግራፎች ደጋግመን አየን። የታችኛውን እስር አንሥተናል፤ የላይኛውን ግን አንዱም አላሳየም። ውስጥ ሆነን ቀና ብለን አንድ ፎቶግራፍ ብናነሣ ይበቃ ነበር።

ሽቦውን ይዘን አዬዮ ዘንድ ሄድን። ለጅጅጋዋ ልጅ በቃል ሊያስረዷት ጀመሩና ሳይጨርሱ ተዉት። ሽቦውን ከእጇ ወስደው፣ ከቀሚሳቸው ጫፍ ክር መዝዘው፣ አናቱን ራሳቸው አሰሩት። በዚህ ጊዜ ስልኩን አወጣንና «አዬዮ፣ እጅዎን እናንሣ?» ብለን ጠየቅን። ፈቀዱ። አሥረኛው ፎቶግራፍ ይህ ነው። ትንሿም ኤሊ በስድስተኛ ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጣለች፤ መጥታችሁ ተመልከቷት።

መልመጃ

1. በሰፈራችሁ ካሉት ቤቶች በአሠራሩ ከሌሎች የሚለይ አንድ ቤት ምረጡ። ካሜራ ሳትይዙ ባለቤቱን አነጋግሩ። ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደሠራውና ዕቃውን ከየት እንዳገኘው ጻፉ።

2. የቤቱ አራት ጎኖች በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኙ ለአንድ ቀን ተመልክታችሁ ሠንጠረዥ አውጡ።

3. የወለሉን ዙሪያ በገመድ ለኩ። በዚያው ዙሪያ ክብ ቤት ቢሠራ ወለሉ ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል? አራት ማዕዘን ቢሆንስ?

4. ካሜራ ለሌላችሁ፦ ቤቱን ያላየ ሰው አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ በአንድ ገጽ ግለጹት። ለጓደኛችሁ ስጡትና ከጽሑፉ ብቻ ይሣለው። ሥዕሉ ከቤቱ የተለየበትን ቦታ ፈልጉ፤ መግለጫችሁ የጎደለው እዚያ ላይ ነው።